የሚያፈስ የመጥለቂያ ማስክ፦ ከመጠገን በፊት ውሃው በየት እንደሚገባ መለየት

በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ በኤላት ባሕር መጥለቅ ጀምረው ካቋረጡ ዘመዶቼና ወዳጆቼ ጋር ስነጋገር ብዙዎቹ የሚነግሩኝ ምክንያት ተመሳሳይ ነው። ጥልቀቱ አላስፈራቸውም፣ የአየር ሲሊንደሩ ክብደትም አላስመረራቸውም፤ ማስካቸው ግን ያፈስ ነበር። ውሃው በትንሽ በትንሹ ገብቶ አፍንጫቸው ላይ ሲደርስ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፣ ጨዉ ዓይናቸውን ይለበልባቸዋል፣ በመጨረሻም «ይህ ነገር ለእኛ አይሆንም» ብለው ይወጣሉ። እኛ ከባሕር ርቀን በደጋ ያደግን ወይም ከደጋ የመጡ ወላጆች ያሳደጉን ሰዎች ስለሆንን፣ ጥፋቱን ከዕቃው ይልቅ ከራሳችን መፈለግ ይቀናናል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የሚያፈስ ማስክ አብዛኛውን ጊዜ በቤት ውስጥ፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ በአንድ ምሽት የሚስተካከል ዕቃ ነው። የሚያስፈልገው ዋናው ነገር እጅን ወደ ጥገና ከመስደድ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው።

የተለመደው የመጥለቂያ ማስክ አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ መስታወት፣ መስታወቱን የሚይዝ የፕላስቲክ ፍሬም፣ መስታወቱን ከፊት በኩል ተጭኖ አጥብቆ የሚይዝ ቀለበት፣ ፊት ላይ የሚያርፍና አፍንጫን ጨምሮ የሚሸፍን ለስላሳ የሲሊኮን ክፍል፣ እንዲሁም ከጭንቅላት ኋላ የሚውል ማሰሪያ ከነዘለበቶቹ አለው። የሲሊኮኑን ጠርዝ በጣት ብትዳስሱት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስስ ከንፈሮች ታገኛላችሁ፤ ውጨኛው ወደ ውስጥ ታጠፍ ብሎ ፊት ላይ ይተኛል፣ ውስጠኛው ደግሞ እርሱን አልፎ የመጣውን ውሃ ያግዳል። ስለዚህ ውሃ የሚገባባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ በሲሊኮኑና በፊታችን መካከል፣ በመስታወቱና በሲሊኮኑ መካከል፣ በተቀደደ ሲሊኮን በኩል፣ ወይም ማስኩ የውሃ ማስወጫ ቫልቭ ካለው በቫልቩ በኩል ይገባል። እኔ ካየኋቸው ማስኮች አብዛኞቹ የሚያፈሱት በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ይህ ደግሞ ዕቃውን መፍታት ጨርሶ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው መንገድ ለምን እንደሚበዛ ለመረዳት ማስኩን ፊታችን ላይ የሚያጣብቀው ምን እንደሆነ ማሰብ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ማሰሪያው ነው ብሎ ስለሚያምን ውሃ በገባ ቁጥር ማሰሪያውን ይስበዋል። ነገር ግን በማስኩ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው የውሃ ግፊት በጥቂቱ ሲያንስ፣ ማስኩን ወደ ፊታችን የሚገፋው ውሃው ራሱ ነው፤ የማሰሪያው ሥራ ማስኩ ከቦታው እንዳይንሸራተት መያዝ ብቻ ነው። ማሰሪያው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ስሱ የሲሊኮን ከንፈር ይታጠፋል ወይም ይሸበሸባል፣ በዕጥፋቱም ሥር ውሃ መንገድ ያገኛል። ሰውየው ውሃ ሲገባበት ይበልጥ ይስባል፣ ይበልጥ ሲስብ ይበልጥ ያፈስበታል፤ ከባሕር ሲወጣም ግንባሩና ጉንጩ ላይ ጥልቅ ቀይ መስመር ይታያል። ይህን መስመር ባየሁ ጊዜ ሌላ ምርመራ ከመጀመሬ በፊት ማሰሪያውን አንድ ሁለት ጥርስ አላላዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ነገሩ በዚያው ያልቃል። የማሰሪያው ቦታም ያንኑ ያህል ወሳኝ ነው፤ ከጆሮ በላይ፣ የጭንቅላታችን ኋላ ሰፊ በሆነበት ቦታ ላይ መዋል አለበት። ወደ አንገት ከወረደ ማስኩ ከግንባር በኩል ይላቀቃል፣ ወደ አናት ከወጣ ደግሞ የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ከንፈራችን ይነሳል።

ጥልቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ወደ ታች በወረድን መጠን በማስኩ ውስጥ ያለው አየር ይታመቃል፤ በ10 ሜትር ግፊቱ በባሕሩ ወለል ላይ ካለው ሁለት እጥፍ፣ በ20 ሜትር ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ኤላት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ለሰው ሠራሽ ሪፍነት፣ ማለትም ለዓሣና ለኮራል መኖሪያነት፣ ሆን ተብሎ እንድትሰምጥ ወደተደረገችው ሳቲል ወደተባለችው የባሕር ኃይል ሚሳኤል ጀልባ የሚወርድ ሰው ከ20 ሜትር በላይ ስለሚጠልቅ፣ በመንገዱ ላይ በአፍንጫው በኩል ጥቂት ጥቂት አየር ወደ ማስኩ መጨመር አለበት። ካልጨመረ ማስኩ ፊቱን ይመጠዋል፣ ሲብስም በነጩ የዓይን ክፍል ያሉ ደቃቅ የደም ሥሮች ይፈነዳሉ። አፍንጫን የማይሸፍን የዋና መነጽር ለመጥለቅ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጀማሪ ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው በእያንዳንዱ ትንፋሽ በአፍንጫው አየር ያስወጣል፤ አየሩ የሲሊኮኑን ጠርዝ እያነሳ ሲወጣ በምትኩ ውሃ ይገባል። ማስኩ ፍጹም ደኅና ሆኖ ሳለ ያፈሳል ማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ ማስኩን ከመመርመር በፊት ባለቤቱን መጠየቅ እመርጣለሁ። ውሃው የሚገባው በየት በኩል ይመስልሃል ብዬ ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ግማሹን ሥራ ይሠራልኛል። ከአፍንጫ ሥር ከሆነ ጺምን ወይም በአፍንጫ ማስወጣትን እጠረጥራለሁ። ከግንባር በኩል ከሆነ ፀጉርን፣ በብርዱ ወራት ደግሞ የመጥለቂያ ልብሱን ቆብ እጠረጥራለሁ፤ በየካቲትና በመጋቢት የኤላት ውሃ ወደ 21 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ ብዙ ሰው ቆብ ያደርጋል፣ የቆቡም ጠርዝ በቀላሉ ከሲሊኮኑ ሥር ይገባል። ሁልጊዜ በግራ በኩል ብቻ ከሆነ ስኖርክሉን፣ ማለትም በውሃው ላይ ሲዋኙ የሚተነፈስበትን ቱቦ፣ አያለሁ፤ ስኖርክል በማሰሪያው ግራ ላይ ስለሚንጠለጠል በውሃ ውስጥ እየተወዛወዘ ያንን ጎን ወደ ውጭ ይስበዋል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ወይም ከመስታወቱ ጠርዝ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ከታየ ግን ነገሩ ከፊት ጋር አይገናኝም፤ የመስታወቱ መቀመጫ ነው።

ስለ ፀጉር ትንሽ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ በዕብራይስጥም ሆነ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ማብራሪያ የእኛን ፀጉር ከግምት ያስገባ አይደለም። አንዲት ዘለላ ፀጉር ብቻ ከሲሊኮኑ ከንፈር ሥር ብትገባ ውሃ በርሷ ዳርና ዳር ተከትሎ ይገባል። ሹሩባ የተሠራች ሴት በዚህ በኩል ጥሩ ዕድል አላት፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ስለሚቆይ ግንባሯ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በግንባር መስመር ላይ ከሹሩባው ያመለጠውን አጭር ለስላሳ ፀጉር በእርጥብ ጣት ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋታል። ከኋላ በኩል ደግሞ ማሰሪያው በጉንጉኖቹ ጉብታ ላይ አይረጋም፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ለዚህ የሚረዳው ማሰሪያውን የሚያለብስ ሰፊ የኒዮፕሪን (የመጥለቂያ ልብስ የሚሠራበት ለስላሳ ጎማ) ጨርቅ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ፀጉር ላይ የሚቀባ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት በዚያ ቀን ባይቀባ ይመረጣል፤ ቅባቱ በባሕር ውሃ ወደ ግንባር ሲወርድ ሲሊኮኑ ፊት ላይ መያዣ ያጣል። የፀሐይ መከላከያ ክሬምም እንደዚሁ ነው፤ ማስኩ የሚያርፍበትን መስመር ትቶ መቀባት ይቻላል።

ወንዶችን በተመለከተ የአፍንጫ ሥር ጺም ዋናው እንቅፋት ነው። ሙሉ በሙሉ መላጨት ግን ግዴታ አይደለም፤ በአፍንጫው ቀዳዳዎች ሥር፣ የሲሊኮኑ ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ መላጨት ለብዙዎች ይበቃል። ጺሙ ላይ ቫዝሊን መቀባትን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ቅባቶች ከጊዜ ብዛት ሲሊኮኑን ያሳብጡታልና።

ከዚያ በኋላ ማስኩ ለፊቱ ተስማሚ መሆኑ ይፈተሻል። በሱቅ ውስጥ የሚያሳዩን ፈተና የታወቀ ነው፤ ማስኩን ያለ ማሰሪያ ፊት ላይ አስጠግቶ በአፍንጫ አየር መሳብና እጅን መልቀቅ፣ ካልወደቀ ልክ ነው ማለት። ይህ ፈተና ብቻውን ያሳስታል፤ ሰው በኃይል ከሳበ የማይስማማው ማስክም ተጣብቆ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ወደ ጣሪያ ቀና ብሎ ማስኩን ምንም ሳይስቡ ፊት ላይ ማስተኛት፣ ከዚያም ሌላ ሰው የሲሊኮኑ ጠርዝ በዙሪያው ሁሉ ቆዳን መንካቱን እንዲያይ ማድረግ ነው፤ በተለይ በቅንድቦች መካከልና ከአፍንጫ ወደ አፍ ጥግ በሚወርዱት የፈገግታ መስመሮች ላይ። ፈተናው ሲደረግ የስኖርክሉ ወይም የሬጉሌተሩ (ከአየር ሲሊንደሩ የሚተነፈስበት ዕቃ) አፍ በጥርስ መያዝ አለበት፤ አፍ ሲሞላ የጉንጭና የላይኛው ከንፈር ቅርጽ ይለወጣልና። አፍንጫችን ሰፋ ያለ ሰዎች ደግሞ የማስኩ የአፍንጫ ኪስ ጎኖቹን እንዳይጫን መጠንቀቅ አለብን፤ ኪሱ ሲጠብብ አፍንጫው ሲሊኮኑን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ የታችኛውም ጠርዝ ከከንፈር ይላቀቃል። እንዲህ ያለውን ማስክ የሚያድነው ጥገና የለም፤ ለሚሆነው ሰው መስጠት ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ማስኩ አሁንም የሚያፈስ ከሆነ ወደ ዕቃው እንመለሳለን። ፈተናው በጣም ቀላል ነው። ማስኩን በደንብ አድርቁት፤ ጠረጴዛ ላይ ሶፍት ዘርግታችሁ መስታወቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያም ውስጡን ከመስታወቱ ዙሪያ ያለው መቀመጫ እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ሙሉበት። የሲሊኮኑን ጠርዝ ማርጠብ አይገባም፣ የፈሰሰ ውሃ ከወዴት እንደመጣ ያደናግራልና። ግማሽ ሰዓት ያህል ትታችሁት ስትመለሱ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ መስታወቱ ደኅና ተቀምጧል፣ ችግሩ ከፊት ጋር ነው፤ ሶፍቱ ከረጠበ ደግሞ እርጥበቱ የጀመረበት ቦታ ጉዳቱ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል። ቫልቭ ያለው ማስክ ከሆነ በቫልቩ ሥር ሌላ ሶፍት ማድረግ ያስፈልጋል።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ማስኳን ይዛ ወደ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ ልጣለው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። መነጽር የምታደርግ ልጅ ናት፤ ማስኩም የመጀመሪያው መስታወቱ ወጥቶ በዓይኗ ልክ በተሠራ መስታወት የተተካ ነበር፣ የተለወጠውም በአንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ በሶፍት ላይ ውሃ ሞልተን አስቀመጥነው። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ በግራው መስታወት ሥር፣ ከአፍንጫው ድልድይ አጠገብ፣ ሳንቲም የሚያህል እርጥበት ታየ፤ እያየነውም እየሰፋ ሄደ። የቀኙ ሶፍት ደረቅ ነበር። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አይገኝምና ለመፍታት ተዘጋጀን።

ከመፍታት በፊት በስልክ ከፊትም ከጎንም ፎቶ ማንሳትን ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ቀለበቱ በየትኛው ጎን እንደሚታይ፣ ጥርሶቹ የት የት እንደገቡ በኋላ ማስታወስ ያስቸግራል። የግራና የቀኝ መስታወቶችም ቅርጻቸው ተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ በዓይን ልክ የተሠሩ ሲሆኑ ደግሞ ኃይላቸውም ሊለያይ ስለሚችል፣ በትንሽ ፕላስተር ምልክት ይደረግባቸዋል። ሥራው የሚሠራው በታጠፈ ፎጣ ላይ ነው። ቀለበቱን የሚይዙት ትናንሽ ጥርሶች ብዙውን ጊዜ በላይኛው ወይም በታችኛው ጠርዝ ላይ ይገኛሉ፤ አንዳንድ ማስኮች ደግሞ በአፍንጫው ድልድይ ላይ አንድ መቆለፊያ ወይም ትንሽ ብሎን አላቸው። ጥርሶቹን ለማስለቀቅ ካቻቢቴ መጠቀም አይገባም፤ የብረቱ ጫፍ ፕላስቲኩን ይቦረቡረዋል፣ ቢያመልጥ ደግሞ የመስታወቱን ጠርዝ ይመታል። የማስክ መስታወት በሙቀት የተጠናከረ ነው፣ ፊቱ ብዙ ይችላል፣ ጠርዙ ግን ደካማ ጎኑ ስለሆነ እዚያ ላይ ከተመታ ሙሉው በአንድ ጊዜ ወደ ደቃቅ ፍርፋሪ ሊለወጥ ይችላል። የፕላስቲክ ካርድ ወይም የቀጭን የእንጨት ማንኪያ እጀታ ለዚህ ይበቃል፤ ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ በትዕግሥት አንድ አንድ ጥርስ ማላቀቅ ነው።

የልጅቱ ማስክ ሲከፈት ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። መስታወቱ በሚቀመጥበት የሲሊኮን ቦይ ውስጥ፣ በእርጥበቱ ልክ፣ ነጭ የጨው መስመር ደርቆ ነበር፤ ከጨዉም መካከል አንዲት የኮራል አሸዋ ቅንጣት ተጣብቃለች። በዓይን እንኳ በጭንቅ የምትታይ ናት፤ ነገር ግን መስታወቱን ከሲሊኮኑ በፀጉር ውፍረት ያህል አንስታው ስለነበር ውሃው በሁለቱም ወገኖቿ ይገባ ነበር። መስታወቱ ሲለወጥ ቦዩ ሳይጸዳ እንደተገጠመ ገመትኩ። ኤላት ያለችበት የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ጨው አለው፣ የውቅያኖሶች አማካይ ግን ወደ 35 ግራም ነው፤ በዚህ ላይ የኤላት አየር ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ቦዩ ውስጥ የቀረ ውሃ ቶሎ ተንኖ ጨዉን ያጋግረዋል። በሚቀጥለው ጊዜ በዚያው ላይ ሌላ ጨው ይጨመራል፣ እንዲህ እያለ መስታወቱን ቀስ በቀስ ከመቀመጫው ያነሳዋል።

ማጽዳቱ የሚከናወነው በሳፋ በተቀዳ ለብ ያለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ሲሊኮኑን ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፎ ጨዉ ሲሟሟ ቦዩን በአሮጌ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ዙሪያውን ማሸት፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል። ቦዩን በጣት ጫፍ መዳሰስን አትርሱ፤ ዓይን ያላየውን ቅንጣት ጣት ያገኘዋል። በዚሁ ጊዜ ሲሊኮኑን ወደ ብርሃን አቅንቶ የተቆረጠ ወይም የተጫጫረ ቦታ እንዳለ መመልከት፣ ፍሬሙንም በጥርሶቹ ሥር የተሰነጠቀ እንዳይሆን መመርመር ይገባል። ከአሴቶን፣ ማለትም ከጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ እንዲሁም ከቤንዚን መራቅ ያስፈልጋል፤ አሴቶን በተለይ ብዙ ዓይነት የፍሬም ፕላስቲክ ያሰነጥቃል።

ሲገጠም የሚያስፈልገው ማለስለሻ ውሃ ብቻ ነው። የሲሊኮን ቅባት በሌሎች የመጥለቂያ ዕቃዎች የጎማ ቀለበቶች ላይ ስለሚቀባ ብዙ ሰው ለማስኩም ይጠቅማል ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን የሲሊኮን ቅባት ከሲሊኮን ጎማ ጋር ሲገናኝ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ መስታወቱም አጥብቆ አይቀመጥም። ቦዩን አርጥቦ መስታወቱን በመጀመሪያ በአፍንጫው ድልድይ በኩል ማስገባት፣ ከዚያም የሲሊኮኑን ከንፈር በሁለት አውራ ጣቶች ዙሪያውን እያስወጡ ማልበስ ነው። ልጅቱ ይህን ክፍል ራሷ ሠራችው፤ አንዱን ጥግ ስታስገባ ሌላው ይወጣባት ስለነበር ጊዜ ወስዶባታል፣ ግን ተሳካላት። ቀለበቱ ከመጫኑ በፊት መስታወቱ በሁሉም ጎን እኩል መግባቱን ከጎን በኩል ማየት ይገባል፤ ጠርዙ በአንድ ቦታ እንኳ ከፍ ብሎ ከታየ ቀለበቱ በኃይል ቢጫንም ያፈሳል፣ መስታወቱንም ያስጨንቀዋል። ቀለበቱን ከአንድ ወገን ጀምሮ ከመጨረስ ይልቅ አንዱን ጥርስ ከላይ፣ ሌላውን ከታች በትይዩ እያቀያየሩ መጫን ሲሊኮኑን እኩል ያስቀምጠዋል። ከዚያ የሶፍቱ ፈተና ይደገማል። የልጅቱ ሶፍት ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ደረቅ ነበር።

ቦዩ ንጹሕ፣ መስታወቱ በልኩ የተቀመጠ፣ ፍሬሙም ደኅና ሆኖ ሶፍቱ አሁንም ከረጠበ የመጨረሻው አማራጭ የሲሊኮን ማሸጊያ ነው። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማስቲሽ ሰው ቶሎ ያነሳል፤ እርሱ ግን ሲሊኮን ላይ በቅጡ አይይዝም፣ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ትነቱም መስታወቱ ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። የደረቀ ሲሊኮን ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጣበቀው ሲሊኮን ራሱ ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ማሸጊያ ሻጋታን የሚከላከል መድኃኒት ሊኖረው ስለሚችል ለዓይንና ለአፍንጫ ቅርብ በሆነ ዕቃ ላይ አልጠቀምበትም፤ ለዓሣ ማርቢያ መስታወት ሣጥን የሚሸጠውን እመርጣለሁ። ቦዩ በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ በስቴኪኒ ጫፍ በጣም ቀጭን መስመር ይቀባበታል፣ መስታወቱ ይገጠማል፣ ትርፉ ወዲያው ይጠረጋል። ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነካ መቆየት አለበት፤ ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ የሚያወጣው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ፊት ላይ አይደረግም። በዚህ መንገድ የታሸገ ማስክ በኋላ እንደ ልብ እንደማይፈታ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ወደ ማሸጊያው ቶሎ መሄድን የማልወደው።

ፍሬም የሌላቸው፣ ሲሊኮናቸው በፋብሪካ ከመስታወቱ ጋር አብሮ የተቀረጸ ማስኮች ለመፈታት አልተሠሩም፤ በመስታወቱ ዙሪያ ካፈሰሱ መተካት ነው። የሲሊኮኑ ስስ ከንፈር የተቀደደ እንደሆነም እንዲሁ ነው። በማሸጊያ የተጠገነ ከንፈር ጉብታ ይኖረዋል፣ ጉብታውም ራሱ ውሃ ያስገባል። ከንፈሩ ሳይቀደድ በቦርሳ ውስጥ ተጨፍልቆ ቅርጹ የጠመመ ከሆነ ግን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ምንም ሳይጫነው በተፈጥሮ ቅርጹ አስቀምጦ መጠበቅ አንዳንድ ጊዜ ይመልሰዋል። ቫልቭን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ በውስጡ ያለችው ስስ ክብ የሲሊኮን ክዳን ሥር አሸዋ ወይም ፀጉር ይገባል፣ በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ይወጣል፤ ክዳኗ ከተጣመመች መለወጥ ነው።

የተጠገነው ማስክ ወደ ጥልቅ ቦታ ከመወሰዱ በፊት በሁለት ወይም በሦስት ሜትር ውሃ፣ ከጓደኛ ጋር ሆኖ፣ መሞከር አለበት። በዚያው አጋጣሚ ውሃ ማስወጣትን መለማመድ እጅግ ይጠቅማል፤ የማስኩን ላይኛ ጠርዝ በጣቶች ወደ ግንባር ተጭኖ፣ ቀስ ብሎ ቀና እያሉ በአፍንጫ ረዘም አድርጎ መተንፈስ ነው፣ ውሃው በታች በኩል ይወጣል። በማንኛውም ደኅና ማስክ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሊገባ ይችላል፤ ይህን ማስወጣት የለመደ ሰው በውሃው አይደነግጥም፣ የማይደነግጥ ሰው ደግሞ በአፍንጫው አያስወጣምና ማስኩ ይበልጥ ይደርቅለታል።

ከባሕር ሲወጣ ማስኩ በጨው አልባ ውሃ መዘፍዘፍ አለበት፤ ላይ ላዩን ማፍሰስ ቦዩ ውስጥ ያለውን ጨው አያወጣውም። በጥላ ሥር ደርቆ ሲገዛ በመጣበት ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ከአፍንጫው ኪስ ጋር የሚመጣውን የፕላስቲክ ድጋፍም ባትጥሉት መልካም ነው። በበጋ የኤላት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ በተዘጋ መኪና ውስጥ የተረሳ ማስክ ፍሬሙ ሊጣመም ይችላል። ማሰሪያው ከዘለበቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ መኖሩን በየጊዜው ሳብ እያደረጋችሁ ተመልከቱ፤ ከማስኩ ሁሉ ቀድሞ የሚበጠሰው እርሱ ስለሆነ ትርፍ ማሰሪያ ከዕቃችሁ ጋር ያዙ።